አጥቢያ ኮከብ፣ ስምንት ዓመት ዘግይታ

ሰው ሲኖርበት የኖረን ደሴት በመርከብ መጥቶ «አገኘሁት» ብሎ መጻፍ እንደሚቻል የተማርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ አንድን ነገር አገኘሁ ለማለት ነገሩ መጀመሪያ ጠፍቶ መሆን አለበት ብዬ አምን ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ ሌላው በልጅነቱ ሳያኝክ የዋጠውን እሱ ሽበት ካወጣ በኋላ ቁጭ ብሎ ያኝካል።

አርባ ሦስት የምለው የእውነቱን ነው። በወረቀት ሃምሳ አንድ ነበርኩ። ወደዚህ አገር ስገባ ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ የተወለድኩበትን ዓመት ቢጠይቀኝ፣ እኔ በማውቀው አቆጣጠር «ስድሳ አንድ» አልኩት፤ እሱም በሚያውቀው አቆጣጠር ጻፈው። ቀኑንና ወሩን አላውቀውም ስለው ጃንዋሪ አንድን ሰጠኝ። ቸር ሰው ነበር፤ የሰጠውም ለኔ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ጃንዋሪ አንድ ቀን የተወለደውን አበሻ ብትቆጥሩ፣ እናቶቻችን ተማክረው፣ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ይዘው የወለዱን ይመስላችኋል። እንዲህ ሆኜ በአንድ መስመር ጽሑፍ ስምንት ዓመት አረጀሁ። ላስተካክለው ብዬ ሁለት ጊዜ ቴርሚን ወሰድኩ፤ ሁለት ጊዜም የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባልኩ። እኔ በተወለድኩበት መንደር በዚያ ዘመን ለሕፃን ወረቀት የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ኖሮ፣ አገሩ ሥራ ፈትቶ ይመለከተው ነበር። ተውኩት።

«ምናለበት እትዬ፣ ጡረታሽ ይፈጥናል» አለችኝ ታናሽ እህቴ። እሷ ነገርን ሁሉ በመልካም ጎኑ ታያለች። አብሮ ለሚኖር ሰው አድካሚ ጠባይ ነው።

ኑሯችን ኒድ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሁለታችን በአንድ ቤት። እህቴ አውሮፕላን ማረፊያው ወጥ ቤት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው በተከራየው አዳራሽ ትዘምራለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ኦይሮፓፊርቴል በሚሉት ሰፈር አዲስ የተሠሩ የመስታወት ሕንፃዎች አጸዳለሁ፤ ማታ ማታ ኖርድኤንድ የሚባል ሌላ ሰፈር ሄጄ እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከሽማግሌዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚያ የሰው ቤት ሥራ መጣና ትምህርቱ እዚያው ቀረ። እዚህ ግን በሁለት ዓመት የማታ ትምህርት የአሥረኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ማግኘት ይቻላል። አብሽሉስ ይሉታል። ያንን ካገኘሁ በሴፕቴምበር የከተማው አንድ ቤተ መጻሕፍት ለሥልጠና ይቀበለኛል። ቃሉን በደብዳቤ ሰጥቶኛል፤ ደብዳቤውም «አብሽሉሱን ካቀረቡ» ይላል። መጽሐፍ ያለቦታው ተሰክቶ ሳይ ከሱቅም ከሰው ቤትም መደርደሪያ ላይ ነቅዬ የማስተካክል ሰው ነኝ። ይህን ሠርቼ ደመወዝ የሚከፈለኝ ቦታ በዓለም ላይ መኖሩ ራሱ ይደንቀኝ ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬፌራት። ተማሪው በዕጣ የደረሰውን ርእስ አጥንቶ፣ የዓመታቱን ቅደም ተከተል ፕላካት በሚሉት ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰቅሎ፣ ክፍሉ ፊት ሃያ ደቂቃ ይናገራል። ዕጣውን አስተማሪያችን በብስክሌት ቆቧ ውስጥ ይዛ ዞረች። ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው «የጀርመን ደን» ደረሰው። ለኔ የደረሰኝ «የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሰሳ ጉዞዎች በሰላማዊ ውቅያኖስ» ነው። እንቀያየር ብለው ሳቀብኝ።

አስተማሪዋ ግን ደስ አላት። ከሰሜን፣ ከባሕር ዳር የመጣች ሴት ናት፤ ፍራንክፈርትን ባሕር ስለሌላት ይቅር ያላለቻት። «ዘንድሮ ጁን ላይ ቬነስ በፀሐይ ፊት ታልፋለች! ምን ዓይነት ዕድል ነው የደረሰዎት!» አለችኝ። ቀጥላም ሕጓን አነበበችልን። እያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥራ ደብተር ይይዛል፤ በጀርመንኛ። ደብተሩ መጨረሻ ላይ ይሰበሰባል። ከኢንተርኔት የገለበጠ ዜሮ። «ኢንተርኔት» ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ይመስል።

የርእሴ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። አጥቢያ ኮከብ፣ ፈረንጆቹ ቬነስ የሚሏት፣ ከስንት አንዴ በፀሐይ ፊት ጥቁር ነጥብ ሆና ታልፋለች። የምታልፈው ደግሞ ጥንድ ጥንዱን ነው፤ አንዴ ታልፋለች፣ በስምንት ዓመቷ ትደግማለች፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ትጠፋለች። ይህን ከተለያየ የምድር ጫፍ በሰዓት የለካ ሰው ፀሐይ ከኛ ምን ያህል እንደምትርቅ ያሰላል። እንግሊዞች ለዚህ ብለው ከሰል ይጭን የነበረ መርከብ አድሰው ታሂቲ ድረስ ላኩ። የካፒቴኑን ስም አልጠራም፤ በስሙ የሚጠሩ ደሴቶችና ተራሮች ስላሉት እኔ አንድ ጊዜ ብዘለው አይከፋውም።

ካፒቴኑ የታሸገ ትእዛዝ ይዟል። ኮከቧን ካየህ በኋላ ክፈተው ተብሏል። ሲከፍተው ወደ ደቡብ ውረድ፣ ትልቅ አገር ካለ ፈልግ፣ በንጉሡ ስም ያዝ ይላል። ነዋሪዎቹ ከፈቀዱ የሚልም አለበት። እሱን ሐረግ ካፒቴኑ ያነበበው አይመስለኝም፤ የአውስትራሊያን ምሥራቅ ዳርቻ የያዘው ባንዲራ ሰቅሎ፣ ጠመንጃ አስተኩሶ ነው። ከታሂቲ ደግሞ አንድ ካህን አሳፍሯል፤ ደሴቶቹን በቃሉ የሚያውቅ፣ ካርታም የሳለለት። ካህኑ በዚህ በኩል ደሴት አለ ይላል፤ ሲሄዱ ደሴቱ አለ፤ ካፒቴኑ አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። ካህኑ እንግሊዝን ሳያይ በመንገድ ላይ ታሞ ሞተ። እሱ ቢደርስ ኖሮ እንግሊዝን አገኘሁ ብሎ ይጽፍ ነበር ወይ እያልኩ ሳስብ ከኤስባን ባቡር መውረጃዬን አልፌ አውቃለሁ።

ጎመኑንም አልረሳም። መርከበኞቹ በቆዳ በሽታና በድድ መድማት እንዳያልቁበት ካፒቴኑ በርሜል በርሜል ዛወርክራውት ጭኗል፤ ያንን እዚህ አገር ከቋሊማ ጋር የሚበሉትን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን። መርከበኞቹ እምቢ አሉ። እሱም መኮንኖቹ ማዕድ ላይ ብቻ በየቀኑ እንዲቀርብ አዘዘ። ወዲያው ሁሉም አምጣ አለ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስመጣ በካምፑ ምግብ ቤት ጎመኑን ትተን የተነሣንበት ቀን ትዝ አለኝ። ለካ ያጠፉት እነሱ ናቸው፤ ለአለቆች ብቻ የተፈቀደ ነው ቢሉን ኖሮ በሰልፍ እንበላው ነበር።

እህቴ ግን ገና ከኮከቧ አላለፈችም።

«ይሄ ሁሉ ሰው በመርከብ የሄደው ኮከብ ለማየት ነው?»

«ለመለካት።»

«ኮከብ ቆጠራ ነዋ! ጥንቆላ!»

«ሳይንስ ነው።»

«በስንት ስሙ ይጠራል አንቺ! በጌታ፣ እኔ ልጸልይበት፤ ያንቺን አፍ ይህን ነገር እያወራ ዝም ብዬ አላይም።»

ጸለየችበት። ሬፌራቱም ላይ ካፒቴኑም ላይ።

ሥራዬ ቁም ነገር የያዘው ከታች ፎቅ ባሉት ጎረቤታችን ምክንያት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ እስላም፣ ኤርትራዊ፣ አማርኛን በንጉሡ ጊዜ ተምረው ከኔ አብልጠው የሚናገሩ፣ ያንንም የማይደብቁ። በወጣትነታቸው እዚያው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ፍራንክፈርት መጥተው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ብየዳ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ርእሴን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባሕር ታውቂያለሽ፣ ጓለይ?»

«ላንጋኖን አይቻለሁ።»

«ላንጋኖ የተኛ ውሃ ነው። ባሕር አልኩሽ።»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ስለ መርከብ የማውቀው ሁሉ የሳቸው ነው። የመርከብ መዝገብ ሕጉን እየደጋገሙ አስጠኑኝ። ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አትጻፊ። ደመና ከነበረ ደመና በይ። የጻፍሽውን አትፋቂ፤ ስሕተት ከሆነ በአንድ መስመር ሰርዢውና አጠገቡ አርሚ፣ የተሰረዘውም ይነበብ። «የሚፍቅ መርከበኛ የት እንዳለ አያውቅም» አሉ። እኔ ይህን ሕግ ወደድኩት። በሕይወቴ ሕግ ሆኖ የወደድኩት እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ደብተሬን በሕጉ ያዝኩ፤ በአማርኛ። ጀርመንኛ አነባለሁ፤ የማስበው ግን በአማርኛ ነው። ዓመት ሲያጋጥመኝ ደግሞ ወዲያው ወደኛ እመልሰዋለሁ፤ እንደ ወሩ ሰባት ወይ ስምንት ቀንሼ። አለዚያ ዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን የት እንደነበረ አይነግረኝም። ካፒቴኑ ታሂቲ ላይ ኮከቧን ያየበት 1769 ሲሉኝ ምንም አልመጣልኝም። ስምንት ስቀንስ 1761 ሆነ፤ ጎንደር ላይ ንጉሡ የታነቁበት፣ ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት ዓመት። ያን ጊዜ ገባኝ። እነሱ ፀሐይን ሲለኩ እኛ ንጉሥ እናንቅ ነበር፤ ሁሉም በየሙያው።

የቀነ ገደቡ ሳምንት ሲደርስ ደብተሩን በሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ወደ ጀርመንኛ ገለበጥኩ። በጥሩ ጽሕፈት፣ በአንድ ብዕር፣ ያለ አንድ ስርዝ። የፕላካቱንም ዓመታት ከአማርኛው ደብተር እያወጣሁ፣ የቀነስኩትን እየጨመርኩ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጉዞ ተነሣ፣ 1768። ተመለሰ፣ 1771። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ካፒቴኑ ሃዋይ ላይ ተገደለ፣ 1779። እያንዳንዱን ከጀርመንኛው መጽሐፍ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። እንዲህ ስል ራሴን እያመሰገንኩ አይደለም፤ ጉዱ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሬፌራቱ ሜይ ላይ ነበር። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም የመጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ አሉኝ። ስለ ጎመኑ ሳወራ ሳቁ። አስተማሪዋም ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ፕላካቱ ጋ ሄደችና እርሳሷን አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«በ1761 ካፒቴኑ ታሂቲ አልነበረም። ካናዳ ነበር።»

አየሁት። በኔ ጽሕፈት፣ በጥሩ ቀለም፣ «1761፦ ታሂቲ፣ ቬነስ በፀሐይ ፊት» ይላል። ያ አንድ መስመር ብቻ የኛን አቆጣጠር እንደያዘ ቀርቷል። ስምንት መጨመሩን ረስቻለሁ። እንዴት አመለጠሽ ቢሉኝ፣ አላመለጠኝም፤ አመሳክሬዋለሁ። ቬነስ የምታልፈው ጥንዱን አይደል? ከ1769 በፊት የነበረው መተላለፍ በነሱ አቆጣጠር ልክ በ1761 ነው። መጽሐፉን ስከፍተው «1761፣ ቬነስ» የሚል አገኘሁ፤ ትክክል ብዬ ምልክት አደረግሁ። በማግስቱ ደግሜ አየሁት፤ ደግሜ ምልክት አደረግሁ። አበሻ ሆኖ፣ ያውም ጠንቃቃ ሆኖ፣ ያውም በዚያች ኮከብ ላይ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት አይቻልም።

አስተማሪዋ ደብተሬን ገለጠች። ገለጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ተዘጋ።

«የሦስት ወር ሥራ በአንድ ብዕር ተጽፏል። አንድ ስርዝ የለውም።»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ጉዳዩን የተረዳ ሰው ይህን ዓመት አይሳሳትም። ይህን ከየት ገለበጡት?»

ጀርመንኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ሌባ ሲልሽም «እርስዎ» ይልሻል።

ጉዳዩን ኮሚሲዮን ተቀምጦ ያየዋል ተባለ። ጁን ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት። ካላሳመንኳቸው ሬፌራቱ ዜሮ ነው፤ ሬፌራቱ ዜሮ ከሆነ አብሽሉስ የለም፤ አብሽሉስ ከሌለ ቤተ መጻሕፍቱ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ደብተር አለኝ፣ በአማርኛ፣ አልኩ። በጀርመንኛ ነበር መያዝ የነበረበት አለች፤ ደግሞም ማን ያነበዋል? ሆኖም ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ተርጉሞ ማኅተም ካደረገበት ኮሚሲዮኑ ሊመለከተው ይችላል። ተርጓሚው ዘንድ ደወልኩ። በጁላይ ባዶ ቀን አለኝ አለ።

እቤት ስደርስ እህቴ መፍትሔውን ጨርሳ ጠበቀችኝ።

«ሁለቱን ኮከብ አምታታሁ በያቸው፤ አለቀ።»

«አላምታታሁም።»

«አላምታታሽም። ግን በያቸው። ተማሪ ይሳሳታል፤ ትንሽ ነጥብ ቀንሰው ይለቁሻል።»

«አንቺ ዘማሪ አይደለሽም እንዴ? ልዋሽ?»

«ውሸት ማን አለሽ? ምክንያት ነው ያልኩሽ።»

እውነቱን ልናገር፤ ሌባ መባሉ አላስተኛኝም፤ አምታታች መባሉ ግን አላስቀመጠኝም። የትኛዋ ቬነስ የትኛው ዓመት እንዳለፈች በዚያ ክፍል ውስጥ ከአስተማሪዋ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ነበርኩ። ለዚህች ሥልጠና ብዬ እጅ መንሣት፣ ወለል መጥረግ፣ የሰው ቡና ፍንጃል መሰብሰብ ሁሉ ችዬ ነበር። አላውቅም ማለት ግን አልቻልኩም፤ ስንት ዓመት ስል ኖሬ ገና ማቆሜ ነበር።

ጋሼ ዘንድ ወረድኩ። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የአማርኛው ደብተር ስርዝ አለው?»

«ሞልቷል።»

«ይዘሽው ግቢ።»

«አያነቡትም እኮ ጋሼ።»

«ሐሳቡን አያነቡትም። ቁጥሩንስ? ቁጥሩ የነሱ አይደለም እንዴ?» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። የብየዳ ጭምብላቸውን ጥቁር መስታወት ይዘው ወጡ። «ደግሞ ያቺ ኮከብሽ፣ እኛ ዙህራ የምንላት፣ በዚያው ቀን ጠዋት ነው የምታልፈው። ስለ እሷ ሦስት ወር ጽፈሽ ሳታያት ልትከራከሪ ነው?»

ፈረቃዬን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ በዚያ ቀን ጎህ ሲቀድ ኒዳ ወንዝ ላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ ጋ ቆምን። እሳቸው ካፖርት ለብሰዋል፤ እኔ ደብተሬን በፌስታል ይዣለሁ። ሰማዩ ሙሉ ደመና ነው። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ አልፋ፣ ተመልሳ መጣች።

«የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለች።

«አለ» አሉ ጋሼ በጀርመንኛ፤ «ፀሐይ።»

ሴትየዋ ገመዱን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ልብሳችንን ጤዛ ነካው። ካፒቴኑ ታሂቲ ላይ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጠርቶለት ነበር፤ ምን አለበት። ሆኖም ጠርቶለትም አልበጀውም። ኮከቧ የፀሐይን ጠርዝ ስትነካ የውሃ ጠብታ መስላ ተጎትታ፣ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው የተለያየ ሰዓት ጻፉ። ለዚያ ነው የዓለምን ግማሽ የዞሩት። ይህን ለጋሼ እየነገርኩ ሳለ ክንዴን ያዙኝ።

«ያዢ፣ ያዢ፣ ያዢ!»

ደመናው ተሰንጥቋል። በመስታወቱ ውስጥ ፀሐይ አረንጓዴ ሆና ታየችኝ፤ ከጠርዟ ጋ አንዲት ቁንዶ በርበሬ ተለጥፋባታለች። እሷ ናት። ሰው ስንት ባሕር ያቋረጠላት እሷ ናት። ጋሼ አይተው «ወላሂ፣ ይቺው ናት?» አሉ። ሦስት ደቂቃ ያህል ተቀባበልን፤ ከዚያ ተዘጋ።

«ጻፊ» አሉኝ።

ጤዛ ያረጠበው የድልድዩ ብረት ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፤ ከላይ 29/9/2004 ብዬ፣ ከሥሩ ኒድ፣ ድልድይ ላይ፣ ደመና፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ታየች። «ለአምስት» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ጋሼ ሲያዩኝ በአንድ መስመር ሰረዝኩት።

ኮሚሲዮኑ ሦስት ሰው ነበር፤ አስተማሪዋ፣ ርእሰ መምህሩ፣ አንድ ጺማም የሒሳብ አስተማሪ። ፕላካቴ ግድግዳው ላይ እንደ ተከሳሽ ተሰቅሏል። አማርኛውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ርእሰ መምህሩ በጣቱ ጫፍ ነካው። ማኅተም አለው? የለውም። እንግዲያው ከመዝገብ ውጪ ነው የምናየው አለ፤ እንደ ጨዋ ሰው። ሦስቱም ተጎንብሰው ማየት ጀመሩ፤ ፊደሉ ቆንጆ ነው ተባባሉ። በዚህ አገር ያልገባቸውን ነገር ቆንጆ ነው ማለት ደንብ ነው።

ጺማሙ ከኋላ ገለጠና ጮኸ።

«ይኸው! እዚህም ላይ! ይኸኛውንም ከፊተኛው ጋር አምታታችው። 2004 ነው የሚለው። የ2004ቷን ቬነስ ነው የጻፈችው። ያውም በሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ! ያኔ እኮ ያለፈችው ጁን ላይ ነው።»

«የዛሬ ጠዋት ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«የጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት፣ ኒዳ ድልድይ ላይ። ወረቀቱ ገና አልደረቀም።»

አስተማሪዋ ገጹን በመዳፏ ዳበሰችው። ጤዛው አኮማትሮታል።

«ዛሬ በእናንተ ስንት ነው?»

«ግንቦት ሃያ ዘጠኝ። ግንቦት ዘጠነኛው ወራችን ነው። ሁለት ሺህ አራት።»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሁለት ሺህ አራት» አለች ለራሷ። ተነሥታ ፕላካቱ ጋ ሄደች። እርሳሷን እዚያው መስመር ላይ አቆመች። «1769 ሲቀነስ 1761።» ዞር አለች። «አንድ ዓይነት ነው።»

«አንድ ዓይነት ነው» አልኩ። «መጽሐፉም ላይ 1761 ስላለ ትክክል መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ።»

«ሁለት ጊዜ!» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሁን የሳቀችው የጎመኑን ዓይነት ሳቅ አይደለም። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አየችው፤ በየገጹ ስርዙን፣ የቅነሳውን ሒሳብ፣ በሦስት ዓይነት ብዕር። ጺማሙ እያንዳንዱን ቅነሳ በአፉ እያሰላ ተከተላት፤ ስሕተት አላገኘም። ቅር ሳይለው አልቀረም።

ርእሰ መምህሩ ለቃለ ጉባኤው መታወቂያዬን ጠየቀ። ተቀብሎ «ጃንዋሪ አንድ፣ 1961» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ጺማሙ ቀና አለ። ፈጣን ሰው ነው፤ መቼም አይካድም።

«ይሄም?»

«ይሄም» አልኩ።

«አላስተካከሉትም?»

«ለሱ ኮሚሲዮን አልተቀመጠለትም።»

እንዲህ ብዬ መመለሴን ዛሬም አላምነውም። ርእሰ መምህሩ ሳል መጣበት። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን እንዳስጻፈ አነበበልን፤ ስሕተቱ መጣ የተባለው «ከባህላዊ ሁኔታ» ነው። ኮከብ ለመለካት መርከብ የላኩት ግን ሳይንስ ነበሩ። ሬፌራቱ አለፈ። ደብተሩ በጊዜው በጀርመንኛ ስላልተያዘ ውጤቱ ሦስት ሆነ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚበቃው ትንሹ ውጤት ማለት ነው። ፕላካቱን እንዳርም ፈቀዱልኝ። ወረቀት ልለጥፍበት አለች አስተማሪዋ፤ አይሆንም አልኩና 1761ን በአንድ መስመር ሰርዤ አጠገቡ 1769 ጻፍኩ። የተሰረዘው ይነበባል።

ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ መጣች።

«በእውነት አየሻት?» አለች። «እርስዎ»ው ቀርቷል። «እኔ ሰገነቴ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ ደመና ብቻ ነው ያየሁት። መነጽሩን ከክረምት ጀምሬ ገዝቼ።»

«ለሦስት ደቂቃ።»

«የሚቀጥለው 2117 ነው።» ትንሽ አሰበች፤ አሁን የተማረችውን ልትሞክር። «በእናንተ 2109።»

«2110» አልኩ። «ዲሴምበር ላይ ስለምታልፍ የሚቀነሰው ሰባት ነው።»

ጋሼ ደረጃው ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ሦስት አገኘሁ ብላቸው ለመርከብ ይበቃል አሉ። እህቴ ጸሎቷ መሆኑን ነገረችኝ፤ አልተከራከርኳትም።

አብሽሉሱ በፖስታ የመጣው ጁላይ ላይ ነው፤ ወፍራም ወረቀት፣ ማኅተም ያለው። ለቤተ መጻሕፍቱ ከመላኬ በፊት ወጥ ቤት ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሜን፣ የትምህርቶቹን ዓይነት፣ ውጤቶቹን፣ በፊደል በፊደል። አንድ ስሕተት ብቻ ነበረበት፤ ጃንዋሪ አንድ፣ 1961 ተወለደች ይላል። እሱንም አገኘሁት ማለት አልችልም፤ ከኔ በፊት እዚያው ሲኖር ነበር።